የምፈራው የደነዘውን መጋዝ ነው

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ ሞረድ ነው። አትገረሙ፣ ምክንያት አለኝ።

በቅርቡ አንድ የሁለት ልጆች አባት ፕሮሶፒስ ሲቆርጥ ጭኑን የሞተር መጋዝ መትቶት መጣ። ቁስሉን እየሰፋሁ "ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። "ዶክተር፣ ሰንሰለቱ ደንዞ አልቆርጥ ሲለኝ ተጫንኩት" አለኝ።

ድሮ ቢሆን "መጋዙን ተወው" ብዬ እሸኘው ነበር። አሁን ግን ይህ ምክር አይጠቅምም ባይ ነኝ። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ወደ አዋሽ ሸለቆ የመጣው ፕሮሶፒስ ግጦሻችንንና እርሻችንን ወርሮታል። መቆረጡ አይቀርም። ስለዚህ መጋዝ የገዛ ሰው ሞረድም ይግዛ።

ብዙ ሰው የተሳለ መጋዝ ይፈራል። የተሳለ ሰንሰለት ግን እንጨቱ ውስጥ በራሱ ይገባል። የደነዘውን መጫን ግድ ይላል። ክንድና ወገብ ሲዝል መጋዙ ያመልጣል ወይም ወደ ሰው ይፈናጠራል። መለያው ቀላል ነው፦ በፍቅፋቂ ፈንታ እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ከወጣ ሰንሰለቱ ደንዟል። አቁሙና ሳሉት።

ስትስሉ፦

1. ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርጉ።

2. ለሰንሰለታችሁ ልክ የሆነ ክብ ሞረድ ያዙ። እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት 4፣ 4.8 ወይም 5.2 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ስትገዙ ጠይቁ። እጀታ የሌለው ሞረድ አትጠቀሙ፤ ሹል ጭራው መዳፍ ይበሳል።

3. ሞረዱ ላይ የሚታሰረው ጋይድ ማዕዘኑን ያስጠብቅላችኋል፤ በአብዛኛው 30 ዲግሪ ነው። ወደ ፊት ብቻ ግፉ፣ ስትመልሱ አንሱት። ሁሉንም ጥርስ እኩል ጊዜ ሞርዱ።

4. ከጥርሱ ፊት ያለችውን ጉብታ ያለ መለኪያ አትንኩ። ከመጠን በላይ ከወረደች መጋዙ ይፈናጠራል።

ቢቆርጣችሁ ደግሞ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ሳትለቁ አጥብቃችሁ ተጫኑና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቡናም አፈርም አትነስንሱበት። የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ጀርም አፈርና እበት ውስጥ ይኖራል፤ የፕሮሶፒስ እሾህ ውጋትም መግቢያ ሊሆነው ይችላል። እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ይህን ክትባት ያውቁታል። አባቶችስ? መቼ እንደተከተቡ የማታስታውሱ ከሆነ ሳትቆሰሉ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ወላጆች፣ መጋዙን ለልጅ አትስጡ። "ሰንሰለቱን ብቻ ይሳል" ብላችሁም ብቻውን አትተዉት።

ሞረድ የአንድ ሰዓት ሥራ ቢያስተጓጉላችሁ ነው። የተቆረጠ እግር ግን የቤተሰቡን እንጀራ ለወራት ያቆማል። መጋዝ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።