ጌሚንግ ላፕቶፕ ለልጆቻችን፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

በዚህ ዓመት ወደ ቢሯችን ከመጡ ወላጆች መካከል አንዱ የመጡበት ጉዳይ የልጃቸው ውጤትም ሥነ ምግባርም አልነበረም። ወደብ የሚሠሩ አባት ናቸው። «የ10ኛ ክፍል ልጄ ጌሚንግ ላፕቶፕ ካልገዛህልኝ ብሎ ሦስት ወር ሙሉ ነዘነዘኝ። ለትምህርቴ ነው ይላል። እቁቤ ጥር ላይ ይወጣል፤ ልግዛለት ወይስ ይቅር? እናንተ ታውቃላችሁ» አሉን።

እውነቱን ለመናገር፣ ወዲያው አፋችን ላይ የመጣው መልስ «ይቅር» የሚል ነበር። ከመምህራን ጋር ስንነጋገርበት ግን ጉዳዩ እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ሌሎች ወላጆችም ይህንኑ ስለሚጠይቁን የደረስንበትን እዚህ መጻፍ መረጥን።

መጀመሪያ ለልጆቹ እንፍረድ። ጌሚንግ የሚለው ስም ወላጅን ያስደነግጣል እንጂ ማሽኑ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ዋጋውን የሚያስወድደው ግራፊክስ ካርዱ ሲሆን፣ ሥራውም በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ስሌቶችን በአንድ ጊዜ ማስላት ነው። ቪዲዮ ለማቀናበር፣ የሕንፃ ንድፍ ለመሥራት፣ አኒሜሽን ለመሥራትም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦስካር ያገኘው «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ አኒሜሽን ፊልም የተሠራው ማንም ሰው በነፃ ሊያወርደው በሚችለው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ነው። ከተማሪዎቻችንም አንዱ በዚሁ ሶፍትዌር የግቢያችንን ምስል ሠርቶ በወላጆች ቀን አሳይቶናል። በኮምፒውተር ክፍላችን ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ያደረው ሥራ፣ በአጎቱ ልጅ ጌሚንግ ላፕቶፕ ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ አለቀ። ይህን በዓይናችን ስላየን «ዕቃው ጥቅም የለውም» ልንል አንችልም።

ነገር ግን ያለነው ጅቡቲ ነው። የአብዛኞቹ ላፕቶፖች መመሪያ ማሽኑ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል እንዲሠራ ይመክራል። በእኛ ከተማ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑን ማን ይነግረናል? ካምሲን ሲነፍስ ደግሞ አቧራው በተዘጋ መስኮት ሳይቀር ይገባል። ላፕቶፑ ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ኤሲ በሌለው ቤት ብዙ ገንዘብ የተከፈለበት ጉልበት ቀትር ላይ የለም ማለት ይቻላል። አየር ማስገቢያው አቧራ ሲይዝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ማሽኑ ራሱም ክፍሉን ያሞቃል፤ 200 ዋት ቢወስድ ያ ሁሉ መልሶ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ በቤት ውስጥ ባለ መቶ ዋት የድሮ አምፖል ሁለት እንደማብራት ነው።

የመብራቱንም ሒሳብ አብረን እንሥራ። 200 ዋት በቀን ለአራት ሰዓት ቢሠራ በወር 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 30 ዋት የሚወስድ ተራ ላፕቶፕ ለዚያው ጊዜ ከ4 አይበልጥም። (ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ መብራት ስለምትገዛ ልጆቻችን የሚጫወቱት በከፊል በአገራቸው ውኃ ነው ብለን ከመምህራን ጋር ስቀናል፤ ቢሉ ግን የሚመጣው ለአባት ነው።) መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይይዛል እንዳትሉ፤ ከባድ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ያውም ጉልበቱ ቀንሶ።

ሻጭ ፊት ስትቆሙ ደግሞ ስም ብቻ አትመኑ። ለምሳሌ አርቲኤክስ 4060 የተባለው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሰጠው ይችላል። ስሙ አንድ ነው፣ አቅሙ ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ ዋቱን ጠይቁ። የቁልፍ ሰሌዳውንም እዩ፤ የፈረንሳይኛው ኤ እና ኪው ቦታ የተለዋወጡበት ስለሆነ አማርኛ መጻፍ የለመደ ልጅ ይቸገራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥሩ የሚባለው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፤ በፍራንክ ከ177,000 በላይ መሆኑ ነው። ለብዙዎቹ ወላጆቻችን ይህ የወራት ቁጠባ ነው፤ አገር ቤት ለእናት የሚላከውም ከዚሁ ላይ ነው። ለቤት ሥራ፣ ለጽሑፍ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አገር ቤት ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ለጀመረው የ12ኛ ክፍል ፈተና ልምምድ ተራ ላፕቶፕ ከበቂ በላይ ነው። ጨዋታ መሥራት ለሚፈልግም ቢሆን የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን የሠራው ለእጅ ስልክ መሆኑን እናስታውሳለን።

ስለዚህ ልጆች፣ ቅር አይበላችሁና፣ «ለትምህርቴ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተን ወላጆቻችሁን ግዙ አንልም። በደካማ ማሽን የጀመራችሁትን ሥራ አሳዩን። ማሽኑ እንቅፋት እንደሆነባችሁ ካየን ከእናንተ ጋር ሆነን አባታችሁን እንለምናለን። መጫወት ስለምትወዱ ብቻ ከሆነም ደፍራችሁ እንደዚያው በሉ። መጫወት ነውር አይደለም፣ ለእናት የሚላከውን ገንዘብ በትምህርት ስም መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ለእኚያ አባትም ይህንኑ ነገርናቸው። ልጁን ጠርተን ስንጠይቀው ትንሽ አቀርቅሮ ቆየና «ግማሹ ለጨዋታ ነው» አለ። አባትየው ሳቁ፤ እኛም በሐቀኝነቱ ደስ አለን። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍላችን ብሌንደር ይለማመዳል። እቁቡ ጥር ላይ ሲወጣ የሠራውን ይዞ አባቱ ፊት ሊቀርብ ተስማምተዋል።