ጀልባው ከመነሣቱ በፊት

ለየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። ጣና ጠዋት ረግቶ ከሰዓት በኋላ በነፋስ የሚናወጥ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ነው፤ ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው።

ስለዚህ የጀልባ ቁጥጥር ማለት የፈቃድ ወረቀት አይቶ ማሳለፍ መሆን የለበትም። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ለሕፃናትም በልካቸው፣ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? ማሰሪያው የተበጠሰ ጃኬት ቁጥር ከማሟላት አያልፍም። ከመቀመጫ ሥር ታስሮ የተቀመጠውስ? ጀልባው ከተገለበጠ ማን ይፈታዋል? ነጭ ለብሼ ይህን አላጠልቅም የሚል መንገደኛም አይታጣም፤ እሱን ማሳመን የጀልባ ነጂው ሥራ ነው። የእሳት ማጥፊያ፣ ሞተር ሲጠፋ መቅዘፊያ፣ ውኃ ሲገባ መጭለፊያም ይታዩ። የመጫን ልኩ በጀልባው ጎን ላይ በጉልህ ይጻፍ።

የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንና የክልሉ ትራንስፖርት ኃላፊዎች ምርመራውን ከበዓሉ በፊት፣ እዚያው መሳፈሪያው ላይ ያድርጉት። ተሳፋሪውን ጃኬት ያላስለበሰ ጀልባ ሞተሩን እንዳያስነሣ ይከልከል።