የጥንጁት ጢስና የበርሜሉ ውኃ

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ በየቆላው ይበረታል። ስለዚህም እናቶች ሲመሽ ጥንጁት ያጤሳሉ፤ ጢሱም ትንኝን ያሸሻል። መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ተምረናልና ይህን ልማድ ማንም አይናቀው።

ነገር ግን ጢሱ ትንኟን ያርቃታል እንጂ ዘሯን አያጠፋም፤ ሲበተንም ተመልሳ የተኛውን ሕፃን ትነድፈዋለች። ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል በረጋ ውኃ ውስጥ ያድጋል። ከኒም ፍሬ የሚወጣው ጭማቂ ይህ ትል ቆዳውን ለውጦ እንዳያድግ ያግደዋል፤ ሆኖም መጠኑን የሚወስነው ባለሙያ ስለሆነ በሚጠጣ ውኃ ላይ በግምት ሊጨመር አይገባም።

የመጠጡን ውኃ የሚጠብቀው ክዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በከተማ በርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለችና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ጥንጁቱን አጢሱ፤ በርሜሉን ግን ክደኑ፣ ልጆቻችሁንም በአጎበር ሥር አስተኙ። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ጢስ ይበቃዋል ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዕፁን የሰጠን ፈጣሪ ትጋታችንንም ይሻልና።