የልጆችን የልደት ቀን በጥቂት ወጪ ስለ ማክበር

ዛሬ ልጆች በናፍቆት ስለሚጠብቁት፣ አንዳንድ ወላጆች ግን በሥጋት ስለሚቀበሉት ስለ ልደት ቀን ጥቂት ቃል ልንናገር አሰብን።

በቀድሞው ልማድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ስለ ሕፃኑ ተሰብስቦ የሚደሰትበት ቀን ክርስትና የሚነሣበት ቀን ነበረ፤ ይኸውም ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። የተወለዱበትን ቀን በየዓመቱ በኬክና በሻማ ማክበር ከአውሮፓ የመጣ ልማድ ሲሆን፣ በጀርመን አገር ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀ ነው። በአገራችንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓመተ ምሕረት የተወለዱበት ሐምሌ 16 ቀን በየዓመቱ በአደባባይ ይከበር ነበረ። ዛሬ ግን ልደት የከተማ ልጅ ሁሉ ቀኑን እየቆጠረ የሚጠብቀው በዓል ሆኗል። ልማዱን አንነቅፍም፤ ልጅ በመወለዱ ቤቱ እንደ ተደሰተ በዓመት አንድ ቀን ቢሰማ መልካም ነውና።

ችግሩ የሚመጣው የልጅ ልደት የወላጅ ግብር ሲሆን ነው። በሥራና በማዕርግ ያለ ሰው «ሰው ምን ይለኛል» በማለት አዳራሽ ይከራያል፤ የእቁቡን ገንዘብ ያወጣል፤ ባይበቃውም ይበደራል። ታላላቆቹ እንግዶች እስኪሟሉና ፎቶግራፍ አንሺው እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ ሻማው ሳይበራ የበዓሉ ባለቤት በእናቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ሲወስደው አይተናል። ከዚህ የሚብሰው ግን የተጋባዡ ልጅ ነገር ነው። ለስጦታ የሚሆን ገንዘብ ያላገኘ ወላጅ ልጁን «አሞታል» ብሎ ያስቀረዋል፤ ሕፃኑም ሳይታመም በሽተኛ ተብሎ ከጓደኞቹ ተለይቶ ይውላል። እንግዲህ የአንዱ ቤት ድግስ ለሌላው ቤት ኀዘን እንዳይሆን መጠንቀቅ የተገባ ነው። አባቶችም «እንደ ቤትህ ኑር እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ብለዋል።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠን ይወሰን። የተጋባዦቹ ቁጥር ከልጁ ዕድሜ በአንድ ወይም በሁለት ቢበልጥ ይበቃል፤ 6 ዓመት ለሚሞላው ልጅ 7 ወይም 8 ጓደኞች ማለት ነው። ጊዜውም ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ ልጆቹ ምሳቸውን በልተው ስለሚመጡ ለባለቤቲቱ ትልቅ ማዕድ የማዘጋጀት ድካም አይሆንባትም።

ከዚህ በኋላ ለበዓሉ አንድ አርእስት ይመረጥ። ጨዋታው፣ የቤቱ ጌጥና ዳቦው ሁሉ ከዚያ አርእስት የወጣ እንደ ሆነ ወጪው ይቀንሳል፤ ከአርእስቱ ውጭ ያለውን ነገር መግዛት አያስፈልግምና። ለምሳሌ ያህል ሦስቱን እንናገራለን።

የመጀመሪያው የገበያ አርእስት ነው። በቀድሞ ዘመን አሞሌ ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበረ፤ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ትሬዛ ብርም በየገበያው የታወቀ ነበረ። ከአሮጌ ካርቶን በክብ የተቆረጠው ብር፣ በረዥሙ የተቆረጠው አሞሌ ይሁን። እኩሌቶቹ ልጆች ሻጮች፣ እኩሌቶቹ ገዢዎች ሆነው ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና እርሳስ ይገበያዩ፤ ቆይተውም ይለዋወጡ። አሞሌ ከአፋር የጨው ምድር እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበረና፣ በበሩ አጠገብ ያለው ሻጭ ብሩን በ6 አሞሌ፣ በማዶ ጥግ ያለው ደግሞ በ3 አሞሌ ይመንዝር። ልጆቹ በየትኛው ጥግ ብራቸውን መመንዘር እንደሚሻላቸው ሲከራከሩ ሒሳብንም ታሪክንም ሳያውቁት ይማራሉ።

ሁለተኛው የፊደል አርእስት ሲሆን፣ ማንበብ ለጀመሩ ልጆች የተስማማ ነው። ፊደላችን 33 ቤት በ7 መልክ፣ በጠቅላላው 231 ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የፊደል ቤት ይሰጠውና ሰባቱ መልኮች በትንንሽ ወረቀት ተጽፈው በክፍሉ ውስጥ ይደበቁ። ፈልጎ አግኝቶ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተራ ያስቀመጠ ልጅ ዳቦውን ለማደል ይሾም። በዳቦውም ላይ የባለልደቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል በሊጥ ይቀረጽ።

ሦስተኛው የዱር አራዊት አርእስት ነው። ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን በዱር የሚገኙት በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ዋልያ የሚኖርበት የስሜን ተራራ ፓርክም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ልጆቹ ከካርቶን የአራዊቱን ፊት ይሥሩ፤ ለጥቁሩ ከሰል፣ ለብጫው እርድ፣ ለቀዩ የቀይ ሥር ውኃ ይበቃል፤ በርበሬ ግን ለዓይን ክፉ ነውና አይነካ። እያንዳንዱም የእንስሳውን አረማመድ ሲያሳይ ሌሎቹ ማንነቱን ይወቁ። ሲደክማቸውም አያታቸው ወይም ሌላ የቤቱ ሽማግሌ በመካከላቸው ተቀምጠው «ተረት ተረት» ይበሉ። ይህ በተለይ በክረምት ወራት፣ ዝናብ ልጆችን ከቤት በሚያውልበት ጊዜ፣ እጅግ የሚመች ነው።

ስለ ማዕዱ የምንመክረው ሥጋ እንዳይኖርበት ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ዋጋው ነው፤ ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን የክርስቲያኑና የእስላሙ ጎረቤት ልጆች ያለ ልዩነት ከአንድ ገበታ እንዲበሉ ነው። በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ሻማ ቢተከልበት ከተገዛ ኬክ አያንስም። ጾም ሆኖ ኬክ ካስፈለገም ያለ እንቁላልና ያለ ወተት፣ በዘይትና በሶዳ ይጋገራል፤ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ሲጨመርበት ሶዳው ሊጡን ያነሣዋል። ለመጠጥም የሎሚ ውኃ በስኳር ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ጠንካራ ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ከ4 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥ፤ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላልና። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ወዲያው ይለቀም። ሻማው ሲበራ የልጃገረዶች ጠጉርና ነጠላ እንዲሁም የወረቀት ጌጥ ከነበልባሉ እንዲርቅ አንድ ታላቅ ሰው አጠገቡ ይቁም።

በመጨረሻ ስለ ስጦታ እንናገራለን። በመጥሪያው ላይ «ስጦታችሁ አንድ እንቆቅልሽ ይሁን» ተብሎ ቢጻፍ መልካም ነው። ተጋባዡ ልጅ ከአያቱ ወይም ከሠራተኛይቱ አንድ እንቆቅልሽ ተምሮ ይመጣል፤ «እንቆቅልህ» ሲል ባለልደቱ «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መፍታት ያቃተው እንደ ሆነ በልማዳችን መሠረት አገር ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን ባለልደቱ እስከ ማታ ድረስ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማንም ለጓደኞቹ አስረክቦ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ ነገር ግን ስምንት አዳዲስ እንቆቅልሾች ይቀሩለታል። እንቆቅልሽ በሱቅ አይሸጥምና የባለጠጋው ልጅና የድኻው ልጅ በአንድ በር እኩል ሆነው ይገባሉ፤ «አሞታል» ተብሎ የሚቀር ልጅም አይኖርም።