እንደገና ስለ ሞንታርቦ

«ይሄ ሰውዬ ዛሬም ሊጀምረን ነው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ዛሬም። ማክሰኞ ማለዳ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፈን ሳለ አንድ ወጣት ሞንታርቦውን ጆሯችን ሥር ተክሎ «ንስሐ ግቡ!» ይለን ጀመር። ከፊቴ ያሉት እናት ያዘሉት ሕፃን ደንግጦ ሲያለቅስ ሰባኪው ድምፁን ጨመረ። ታክሲው እስኪመጣ ድረስ አንዳችንንም «እንዴት አደራችሁ» አላለንም።

እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ ጠቤ ከሽቦው እንጂ ከወንጌሉ አይደለም። ከአዳራሽ ይምጣ ከዐውደ ምሕረት፣ ለጆሮዬ ያው ነው። ባለፈው ስጽፍ «ታዲያ ዝም እንበል?» ብላችሁ የተቆጣችሁኝ፣ ዝም በሉ ያለ የለም። ሞንታርቦውን ንቀሉት ነው ያልኩት።

ደግሞስ ይህች አገር ክርስትናን የተቀበለችው በጩኸት ነው እንዴ? ፍሬምናጦስ አክሱም የገባው ተማርኮ ነው። በቤተ መንግሥቱ አገልግሎ ታመነ፤ ንጉሡ ሲሞት ልጁ እስኪያድግ ድረስ ንግሥቲቱን በአስተዳደሩ አገዘ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወላይታን ደግሞ ተመልከቱ። በ1929 ዓ.ም ጣልያን እዚያ ያስተምሩ የነበሩትን የውጭ አገር ሚስዮናውያን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 ገደማ ሆነው ጠበቋቸው። ሰባኪዎቹ በሌሉበት፣ እስርና ግርፋት ባለበት ዘመን ማለት ነው። ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፤ የሚያውቁትን ለዘመድና ለጎረቤት ነገሩ፣ እርስ በርስ ተረዳዱ፣ ሰውም አየ።

የድሮ ሰፈሬን እትዬን አንስቼላችሁ አላውቅም መሰለኝ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት አራስ ባሏ ጥሏት ሲሄድ፣ እትዬ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዘው ይገቡ ነበር። ሽንት ጨርቁንም ያጥባሉ። ስለ እምነት ትንፍሽ አላሉም። አንድ ቀን አራሷ «እርስዎ ግን ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚሆኑልኝ?» ስትላቸው «ለእኔም የሆነልኝ አለ፣ ልጄ» አሏትና ቁጭ ብለው ነገሯት። ጠይቃ ነው የሰማችው፤ ታክሲ ጠባቂ ግን የጠየቀው የለም።

መቼም አጥሚቱም ወጥመድ ሊሆን ይችላል። ዘይትና ዱቄት እየሰጡ «እሁድ እንጠብቅሃለን» የሚሉትን አይተናል፤ ድሃውም ወዲያው ይነቃባቸዋል። አራሷ ብትሰማም ባትሰማም እትዬ በማግሥቱ ይመጡ ነበር። ልዩነቱ እሱ ነው።

አሁን ግን እትዬን የት እናግኛቸው? ግቢው ፈረሰ፣ ሰዉም ወደየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ከፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ስሙ ማን እንደሆነ የማውቀው ከውኃ ሂሳቡ ወረቀት ላይ ነው። ለቅሶ እንኳ የምንሰማው ድንኳን ሲተከል ነው። ቡና የሚጠራራ ሰፈር ሲጠፋ እምነቱን ማካፈል የፈለገ ሰው አደባባይ ወጥቶ ቢጮህ ምን ይገርማል? መፍትሔውም ቀበሌና እድር በስብሰባ የሚያመጡት አይመስለኝም።

ስለዚህ እስቲ በዚህ ቅዳሜ የፊት ለፊታችሁን በር አንኳኩና «ቡና ጠጡ» በሉ። ሙስሊምም ይሁኑ፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰውም ይሁኑ። ጥቅስ ይዛችሁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ ስማቸውን ጠይቁ።