የምግብ ኢንዱስትሪ ፖሊሲ ከማኅበሩ ሚዛን ይጀምር

ስለ ምግብ ኢንዱስትሪ ልማት በተነገረና በተጻፈ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው የፋብሪካ ግንባታ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችን ፖሊሲ ግብርና-መር የኢንዱስትሪ ልማት ሲባል ቆይቶ፣ በ2013 ዓ.ም. በይርጋለም፣ በቡልቡላና በቡሬ የተቀናጁ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ተመርቀዋል። መንገድ፣ መብራትና ውሃ እስከ ፓርኩ አጥር ድረስ መድረሳቸው መልካም ነው፤ ይህን የሚነቅፍ የለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ግን ሥራው ከወዲያኛው ጫፍ ተጀምሯል የሚል ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው ምርት የተራው ገበያ ከሚፈልገው የተለየ ነው። ያ ልዩነት የሚፈጠረውም በማሳ፣ በአውድማና በማኅበር መጋዘን እንጂ በፓርኩ ውስጥ አይደለም።

የቢራ ገብስን እንመልከት። በ1970ዎቹ በአሰላ የብቅል ፋብሪካ ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ሰብል በደጋው ገበሬ ዘንድ የታወቀ ሆኗል፤ በኋላም በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ሌሎች ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ገብስ ብቅል የሚሆነው በመብቀሉ ስለሆነ፣ ከ100 ፍሬ ቢያንስ 95ቱ በአንድነት እንዲበቅሉ ይፈለጋል። የተለያዩ ዝርያዎች ተቀላቅለው ከመጡ አንዱ ውሃ ጠጥቶ ሲበቅል ሌላው ይዘገያል። የኮምባይነሩ ከበሮ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ሲዞር ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ልባሱም ይላጣል። ሳይደርቅ የተከመረ ገብስ ይግላል፤ የመብቀል ኃይሉንም ያጣል። ፕሮቲኑም በጥቅሉ ከ9 እስከ 12 በመቶ መካከል ሊሆን ይገባል። ከዚህ ሲበልጥ ስታርቹ ስለሚያንስ ከብቅሉ የሚወጣው ስኳር ይቀንሳል፣ ቢራውም ሊደፈርስ ይችላል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ ለሚገኝ አንድ ማኅበር ምክር እሰጥ ነበር። የሰብሉ ቅጠል ቢጫ መስሎ ስለ ታየኝ፣ ገብሱ ዛላ ሊያወጣ ሲል ተጨማሪ ዩሪያ እንዲበተን መከርሁ። ለዳቦ ስንዴ ቢሆን ኖሮ ምክሩ ባልከፋ። በዚያ ጊዜ የሚሰጥ ናይትሮጅን ግን በአብዛኛው የፍሬውን ፕሮቲን ያበዛል። አዝመራው አማረ፤ የወረዳው ሪፖርትም በሄክታር የተገኘውን ኩንታል በደስታ መዘገበ። መኪናው ፋብሪካው በር ሲደርስ ግን ፕሮቲኑ በዝቷል ተብሎ ተመለሰ። ገብሱ በምግብ ገብስ ዋጋ ተሸጠ፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን እንዳለ ቀረ። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ስናገር አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ እኛ የምናውቀው ሚዛን ኪሎ የሚቆጥረውን ነው፤ ይህን ሌላውን ሚዛን እስከ ዛሬ ማን አሳየን?» አሉ። የምመልሰው አልነበረኝም።

የቲማቲም ጉዳይም ከዚሁ አይወጣም። ለከተማ ገበያ የሚጭን ነጋዴ የሚፈልገው ትልቅ፣ ጠንካራ፣ ገና በደንብ ያልቀላ ቲማቲም ነው። የድልህ ፋብሪካ የሚፈልገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የቀላና ውሃው ያነሰ ነው። 28 በመቶ ጠጣር ያለው 1 ኪሎ ድልህ ለማውጣት፣ 5 በመቶ ጠጣር ካለው ቲማቲም 5.6 ኪሎ፣ 4 በመቶ ካለው ግን 7 ኪሎ ያስፈልጋል። ልዩነቱ በነዳጅ ተኖ የሚሄድ ውሃ ነው። የመልካሳ ምርምር ማዕከል መልካሳልሳን የመሰለ ለማቀነባበሪያ የሚሆን ዝርያ አውጥቷል። ታዲያ ለሁለቱም በኪሎ እኩል የሚከፈለው ገበሬ ፍሬው ትንሽ የሆነውን ለምን ይትከል?

በፓርኮቹ ዕቅድ ውስጥ ለዚህ የታሰበ ነገር መኖሩ አይካድም። በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ምርት እንዲሰበስቡ፣ እንዲያጸዱና እንዲለዩ የታቀዱት የገጠር ሽግግር ማዕከላት ናቸው። በእኔ አስተያየት ገንዘቡም ትኩረቱም ከእነዚህ ማዕከላትና ከማኅበራት መጋዘን መጀመር ይኖርበታል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ለአምራቹና ለገዥው ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። ሆኖም ጥራቱን የሚለካው ገዥው ብቻ፣ በራሱ በር ላይ፣ በራሱ መሣሪያ ከሆነ ውሉ የክርክር ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ናሙናው በሁለት ከረጢት ታሽጎ አንዱ በማኅበሩ እጅ ይቀመጥ፤ ውጤቱም በጽሑፍ ይሰጥ። ይህን በውሉ ውስጥ ለማስገባት ሌላ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

አንዳንድ የማኅበር መሪዎች በደረጃ መክፈል ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በተለይ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ያበላሸበትን ሰው እንደ ሰነፍ መቁጠር ግፍ ነው። ነገር ግን ክፍያው እኩል በሆነበት ማኅበር፣ አድርቆና አበጥሮ ያመጣ አባል ለጎረቤቱ እርጥበትና አፈር እየከፈለ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እርሱም ማድረቁን ይተዋል፤ ወይም ምርቱን ለመንገድ ነጋዴ ይሸጣል። ለዝናብ ጉዳት ከትርፉ ጥቂት መጠባበቂያ መያዝ ይቻላል። እኩል መክፈል ግን መድኃኒቱ አይደለም።

የእኛም የሪፖርት ቅጽ ነቀፌታ አያጣውም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚጠየቀው ሄክታርና ኩንታል ነው። ከኩንታሉ ስንቱ በፋብሪካው በር አለፈ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ በምን ምክንያት የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመርበት፣ እንደኔ ያለው ባለሙያ ዩሪያ ከማስበተኑ በፊት ሁለት ጊዜ ባሰበ ነበር።

የእርጥበት መለኪያ መግዛት ለአንድ ማኅበር ቢከብድ ዩኒየኑ ገዝቶ ሊያዘዋውረው ይችላል። የመብቀል ፈተና ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ከየአባሉ ምርት በደንብ ከተቀላቀለ ናሙና 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ መዘርጋት፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ መጠበቅ፣ በሦስተኛው ቀን የበቀለውን መቁጠር ነው። አዲስ የታጨደ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት የመብቀል እንቅልፍ ስለሚኖረው ወዲያው ቢፈተን ያሳስታል። ስለዚህ ፈተናው ከውቂያ በኋላ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ነገር ግን ጭነቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይደረግ። ውጤቱን በየአባሉ ስም፣ ከዝርያው፣ ከዘር ምንጩና ዩሪያ ከተበተነበት ቀን ጋር መዝግባችሁ ብታቆዩ፣ በሚመጣው የውል ድርድር ማኅበሩ የራሱን ቁጥር ይዞ ይቀርባል፤ እኛም ምክራችን የት ላይ እንደሚሳሳት ከመዝገባችሁ እናያለን።