እንጀራው አንድ ነው

የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ «አልበቃሁም» ብለው ከመቀመጫቸው የማይነሡ ምእመናን አሉ። 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27ን እየጠቀሱ የሚያስፈራሯቸው አገልጋዮች እባካቸው ከቁጥር 17 ጀምረው ያንብቡ። ቆሮንቶሳውያን የተወቀሱት ያለው ቀድሞ በልቶ ሲሰክር የሌለው ይራብ ስለነበር ነው። «ሳይገባው» የተባለው ቃል በግሪኩ የሚበላውን ሰው ብቃት አይመዝንም፤ አበላሉን ነው የሚገልጸው። (በብቃትማ ቢሆን ማን ይቆርስ ነበር?) ከአንዱ እንጀራ የምንካፈል ብዙዎች አንድ አካል ነን (10፥17)፤ ወንድሙን እየናቀ የሚቆርስ ይህን አካል አልለየም። ራስን መመርመር ታዟል፤ ቁጥር 28 ግን መርምሮ ይብላ እንጂ መርምሮ ይቅር አይልም። እንግዲያው ይህንንም እንመርምር፦ ሥራ ያጣው ወንድማችን ከአምልኮ በኋላ ምሳውን የት ይበላል?